የሰው ክብደት

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ፣ የጋሽ ሸዋንግዛው ስፖርት ቤት ነበር። ስፖርት ቤት የተባለው በቆሙ ሁለት ግንዶች ላይ የተጋደመ የውሃ ቧንቧና በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ ክብደት ነው። ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ያላነሳ ሰው ክብደት አይነካም። ያነሳ ደግሞ የራሱን ክብደት ይሠራል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ስሙን ይጽፍበታል።

አንተንህ የገባው ጋሼ ታመው በተኙበት ክረምት ስለነበር፣ ቧንቧውን ትቶ በቀጥታ ወደ ክብደቱ ሄደ። በስሙ የተሠራ አልነበረውም፤ የሰው ነበር የሚያነሳው። ውሎ አድሮ የማንንም ሳያነሳ የማይውል ሆነ። ክንዱ ዳበረ፤ ምላሱም አብሮ። ልብስ ሰፊው ወንድይፍራው ቧንቧው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ "ወንዴ፣ ልብስ እያሰጣህ ነው?" ብሎ ሰው አሳቀበት።

በመስከረም ጋሼ አገግመው መጡ። ጉልበታቸው ስለከዳቸው የአሠልጣኝነት ፊሽካቸውን ለሌላ ሊያስረክቡ ነው። ሁሉም አንተንህን አለ። እሱም ፊሽካውን ከልቡ ይፈልገው ስለነበር እናቱን ሳይቀር ጠርቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ትልቁን ክብደት አነሳ፤ ተጨበጨበለት።

"በርታ ልጄ፤ አሁን ደግሞ የጀማሪውን አሳየንና ፊሽካውን ትወስዳለህ" አሉት ጋሼ።

ቧንቧው ላይ ተንጠለጠለ። እግሩ መሬት ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ ክንድ አንድ አንተንህን አልችል አለ። ተወራጨ፤ ፊቱ ቀላ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁበት በወደደ። እናቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረው ግን ወንድይፍራው ነው፤ የአንተንህን ውርደት ላለማየት ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አንተንህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሲወርድ ጋሼ ፊሽካውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ጠዋት አንተንህ ቧንቧው ሥር ቆሞ ተገኘ። ወንድይፍራው ከኋላ መጥቶ ወገቡን ደገፍ አደረገለት። በጭንቅ ትንሽ ከፍ አለ።

"ምነው፣ ዛሬ ወደዚያኛው አልሄድክም?" አሉት ጋሼ፣ የተደረደሩትን ጣሳዎች በአገጫቸው እያመለከቱ።

አንተንህ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

"ከእንግዲህ የሰው አላነሳም፣ ጋሼ" አለ። "የራሴ ከበደኝ።"