ሊቀ ወረቀትና የጎርጎራው ግድግዳ

ወረቀት ሲቀደድ የገዛ ሥጋው የተቀደደ ያህል የሚያመው ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ለባሕር ዳር የደረሷት አቶ ቢያዝን ናቸው፤ የፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ። ሰፈሩ «ሊቀ ወረቀት» ብሎ ሾሟቸዋል፤ ሹመቱን ማን እንዳጸደቀው ግን አይታወቅም።

ፍዳዋን የምታየው ባለሱቋ ሸምሲያ ናት። ሸምሲያ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛች ጨውና በርበሬ ትጠቀልልበታለች። ከክምሩ መሐል ታዲያ የፈረንጅ አስተማሪዎች አገራቸው ሲገቡ ጥለዋቸው የሄዱ ታሪክ በሥዕል የሚተርኩ መጽሔቶች ብቅ ይላሉ። ባንዱ መጽሔት አምስት ስድስት ታሪክ አለ፦ የሚበር መርከብ፣ ጨረቃ ላይ የተሠራ ግንብ፣ የዓሣ ራስ ያለው ንጉሥ። ሊቀ ወረቀት እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሥዕሉን እያዩ ራሳቸው ይተርኩታል። ሸምሲያ ገና እጇን ስትሰድ ከደጅ ይጮኻሉ።

«ሸምሲዬ፣ እሱን ከምትቀድጂ እኔን ቅደጂኝ!»

«እርስዎን ብቀድድዎት ስንት ግራም በርበሬ ይይዛሉ፣ ጋሼ?»

አርባ አንድ መጽሔት በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፈዋል። እጁን በሳሙና ያልታጠበ አያይም፤ የታጠበም ቢሆን ገጽ የሚገልጡለት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አብዮት ጥበቃዎች ሳጥኑን አስከፍተው፣ ባለ ክንፍ ፍጡር ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ይኼ የየትኛው መደብ ነው?» ቢሏቸው፦

«ጭሰኛ ነዋ፣ ጓድ! አያዩትም? ክንፍ እንጂ መሬት የለው!»

ሳጥኑ ተረፈ።

ያልተረፈችው አንዲት ገጽ ናት። ሊቀ ወረቀት ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ታሪክ ሐይቅ ስለዋጠው ከተማ ነው። ታንኳ ቀዛፊው ወደ ታች ይወርዳል፤ በሩን ያንኳኳል፤ በሩ ገርበብ ይላል፤ አለቀ። የመጨረሻዋን ገጽ ሸምሲያ ሩብ ኪሎ በርበሬ ጠቅልላባት ለጎርጎራ መንገደኛ ሰጥታለች።

ይኸው ሁለት ዓመት፣ የጎርጎራ ጀልባ በደረሰ ቁጥር ወደቡ ላይ ቆመው ወራጁን ሁሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሱቅ ይመጣሉ።

«በሩን ማን ከፈተለት ትያለሽ? የዓሣው ንጉሥ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ! ወረቀት ወረቀት ነው» ትላለች። ትበል እንጂ፣ ገበያተኛው ጨው በመዳፉ ይዞ ቆሞ እሷ መጠቅለያውን እያገላበጠች ታያለች።

አንድ ቅዳሜ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ የጎርጎራ ሴት ሻማ ሊገዙ ገብተው ይህን ጭቅጭቅ ሰሙ።

«ቀዛፊውማ እኔ ቤት ነው» አሉ። «ከግድግዳዬ ለጥፌዋለሁ።»

ሊቀ ወረቀት ባንኮኒውን ያዙ። «ይ... ይነቀላል?»

«በዱቄት ሙጫ ነው የለጠፍሁት፤ ከነጭቃው ካልሆነ አይመጣም። በሩንማ የከፈተችለት...»

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይነግሩን!»

የጮኸችው ሸምሲያ ናት። ሊቀ ወረቀት ዘወር ብለው አዩዋት። እሷም ሚዛኗን መወልወል ጀመረች።

ሰኞ ሊቀ ወረቀት ቀበሌ ሄደው ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ጠየቁ።

«የጉዞው ምክንያት?» አለ ጸሐፊው ጓድ አካሉ።

«ግድግዳ ለማየት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ከጀርባው እስከ ጣራ መፈክር ተለጥፏል። «እዚህ ግድግዳ የለም?»

«አለ፣ ጓድ። የዚህን ግን አንብቤ ጨርሻለሁ።»

ጸሐፊው ደክሞት ጻፈላቸው። ቀጥሎ ወረፋ የያዘችው፣ ለአረፋ እንኳ ከግማሽ ቀን በላይ ሱቋን ዘግታ የማታውቀው ሸምሲያ ነበረች። ቁልፏን በጣቷ አንጠልጥላለች። ጎርጎራ ያለችውን እህቷን ዘይነትን «ልጠይቅ ነው» ልትል መንገዱን ሙሉ አጥንታ ነው የመጣችው።

«አንቺስ?»

ሸምሲያ ሊቀ ወረቀትን አየች፤ መሬቱን አየች።

«የእሳቸውኑ ይጻፉልኝ» አለች።