ለስድስት ሰው የተሠራች ማድ ቤት

እኛ ጉራጌዎች ቤት የምንሠራው ለመስቀል ነው፤ በቀረው ጊዜ እንጠብቀዋለን። ግድግዳው የሚቀባው፣ የክትፎ ጣባው የሚገዛው፣ የተጣላው የሚታረቀው ለእሱ ነው። እናንተም ለእንግዳ ብላችሁ የቆለፋችሁበት ብርጭቆ አይጠፋምና አትሳቁብኝ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቡታጅራ ባለችኝ አሮጌ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ነኝ። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ አምና ለመስቀል መጥተው፣ ምሳ የበላነው ክትፎ ቤት ነው። «አባዬ፣ ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሁለት ሰው አያስቆምም» አለች ትልቋ። እኔም እነሱን መውቀስ ፈርቼ ማድ ቤቷን ወቀስኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! እሷ ከበራች ልጆቼም የሚሰበሰቡ መሰለኝ።

ሸምሱ የሚባል የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁ።

«ስንት ሰው ነው የሚበላበት ጋሼ?»

«ስድስት» አልኩ ሳላፍር።

መደርደሪያው ላይ የምትደርቀውን አንዲት ሳህን አየት አድርጎ ሜትሩን ዘረጋ። ከዚያ መስኮቱን የጋረደውን ቁም ሣጥን ነቀለ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባ፣ ከመስኮቱ ሥር የሚታጠፍ ጠረጴዛ ገጠመ። «ልጆቹ ሲመጡ ይዘረጉታል፤ ሲሄዱ ያጥፉታል።» እንዴት አማረች መሰላችሁ! ጠዋት ፀሐይ እስከ በሩ ትገባለች፤ ብቻዬን መሆኔም በደንብ ይታያል። ጠረጴዛዋን ግን አልዘረጋኋትም፤ ለመስቀል ናት።

መስቀል ደረሰ፤ ስልክ ተደወለ። አንዷን ሥራ ያዛት፣ አንዱ ልጁ ታመመበት። «ለገና እንመጣለን አባዬ።» ቆጮው ተገዝቷል፣ ጎመኑ በስሏል፣ አይቡ ቀርቧል፣ ክትፎው ተለውሷል። ጠረጴዛዋን ዘርግቼ፣ ስድስት ጣባ ደርድሬ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ብድግ ብዬ ሸምሱ ጋ ደወልኩ።

«የጠረጴዛው ማጠፊያ ላልቷል።»

ካቻቪቴውን ይዞ መጣ። ጠረጴዛውን ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አይልም። አላሳፈረኝም፤ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እኔም በደስታ ክትፎውን ጣባ ሙሉ አቀረብኩለት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ እስላም መሆኔን ረሱት እንዴ?»

እዚህ ከተማ በሁሉም ነገር ብንቀላቀል በሥጋ እንደማንገናኝ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ብቸኝነት ለካ ይህንንም ያስረሳል። ቆጮውን፣ አይቡንና ጎመኑን ወደ እሱ ገፋሁ። ቢስሚላህ ብሎ በላ፤ ስለ ልጆቹ አወራኝ፣ ስለ ልጆቼ ሰማኝ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ።

«ማጠፊያውን ደህና አድርጌ አላጠበቅኩትም» አለ፣ ጨርሶ ከኪሱ ያላወጣውን ካቻቪቴ እየደባበሰ። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብቅ ብዬ አየዋለሁ።»