አምስቱን አትለያዩብኝ

የበደለኝ ሰው አቶ ታፈሰ ይባላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስለዚህ ስሙን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ረግመውት ያርፋሉ። እሱ ግን ቅን ነው። ቅን ሰው ያልገባውን ነገር ሊያስተካክል ሲነሳ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያዝንልኝ።

ጊዜው ሃምሳዎቹ መካከል ነው። ደብረ ብርሃን፣ አስተማሪ የሚሆኑ ልጆች እያደሩ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ውስጥ የወጥ ቤቱ አለቃ ነበርኩ። ስሜ አስካለ ነው፤ ተማሪው ግን እትዬ አስካለ ይለኛል። እትዬን የምትዘል አፍ ከእኔ ድስት ስትጠግብ አልታየችም።

የቅርጫት ኳሱ ሜዳ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሟል፣ በየጫፉ የበርሜል ቀለበት ተመትቶበታል። ቅርጫት ይሉታል። ቂጥ የሌለው ቅርጫት ምን ሊይዝ ነው ብዬ መጀመሪያ ስቄአለሁ። ኋላ ግን ምስር ስለቅም፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ዓይኔ ወደዚያው መሄድ ለመደ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁ። ሁለት ዓመት ያዩትን ነገር ለማወቅ የግድ ዲፕሎማ ያስፈልጋል እንዴ?

ያየሁት ይኸውላችሁ። አምስት ልጆች ነበሩ። ሽፈራው የቡልጋ ልጅ ነው፤ አጭር፣ እጁ እሳት። ጌታቸው የመንዝ ልጅ፣ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው። ሰይድ ከአሊዩ አምባ የመጣ ሯጭ። የቀሩት ሁለቱ የዚሁ የከተማው ልጆች፣ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። አምስቱም ከአንድ ገበታ ይበላሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰይድ እስላም ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ እነሱም የእስላም አይበሉም። የፍስክ ቀን ሥጋ ሲወጣ ሰይድ ተነስቶ ወደ እስላሞቹ ገበታ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ጌታቸው ወጥ ቤት ድረስ መጣና፣ ‹‹እትዬ፣ ለእኛ ሁልጊዜ ሽሮ ይሁንልን›› አለኝ። ‹‹ምነው፣ መነኮሳችሁ?›› አልኩት። ‹‹ሰይድ ሲነሳ ገበታው ይቀዘቅዛል›› አለ።

የመንዝ ልጅ በገዛ ፈቃዱ የበግ ወጥ ሲመልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሺ አልኩ። ሽሮውን ቅቤ አጠገብኩት፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እነዚህን አምስት ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ በአካባቢያችን ያሸነፋቸው አልተገኘም።

ከዚያ አቶ ታፈሰ መጣ። አዲስ የስፖርት አስተማሪ፣ ባርኔጣ የሚደፋ። የየአውራጃው ልጅ፣ እኛስ መቼ ነው የምንጫወተው ብሎ አጉረመረመበት። ማጉረምረም አይከለከልም። ታዲያ ይህ ቅን ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሁሉንም ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ባርኔጣው ውስጥ ከተተና ዕጣ አወጣ። ለየጨዋታው አዲስ ዕጣ፤ ማንም ቅር እንዳይለው። ዕቁብ መሰለው።

አገሬ አንኮበር ነው። የአባቴ ጎረቤት፣ ሰባት ዓመት አብረው ካረሱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ የሰባ ገዛ። የሰባው ጉልበት አላጣም፤ ግን ቀኝ ሲሉት ግራ ነው። የቀረውም በሬ ጓደኛው ወደ ሄደበት እያየ ይቆማል። ትልሙ የሰካራም መንገድ መሰለ። ሚስቱ፣ እህሉ ሲበቅል ይቃናል ብላ አጽናናችው። አልተቃናም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በየሳምንቱ የሚፈታ ድር ግን ጥጃም አያስር።

ባርኔጣው የመረጣቸው ልጆች ከጦር ሰፈሩ ቡድን ጋር ገጠሙ። ውጤቱን አልናገርም፤ ጾም ላይ ነኝ። አንዱ ኳሷን ታቅፎ ለማን ልስጥ ብሎ ሲያስብ ወታደሮቹ ደረሱበት። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው ያን ቀን በደንብ ገባኝ።

በሳምንቱ ምሳ ላይ፣ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ወደ አቶ ታፈሰ ሄድኩ። እነዚያን አምስት ልጆች ቢመልሷቸው አልኩት፣ በትሕትና። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ‹‹አስካለ፣ አንቺ ድስትሽን ጠብቂ። ኳስ ከድስት ጋር አይማከርም›› አለ። አስካለ አለኝ። አንቺ አለኝ። ተማሪው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

እኔ እርስዎ ማለቴን አልተውኩም። ንቀት ሲበስል አክብሮት ይመስላል። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከመቀነቴ ፈትቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ‹‹ለእሑድ ከአዲስ አበባ የኮሌጅ ልጆች ይመጣሉ። አምስቱ አብረው ይግቡ። ከተሸነፉ ቁልፉን እርስዎ ይውሰዱ፣ እኔም አገሬ እገባለሁ። ካሸነፉ ባርኔጣዎን ለፀሐይ ብቻ ያድርጉት›› አልኩት። ሳቅ የሚወዱት ዲሬክተራችን፣ ‹‹እኔ ምስክር ነኝ›› አሉ። አቶ ታፈሰም በሰው ፊት እንቢ ማለት አፈረ።

ቁልፍ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባሌ ሞቷል። የምተኛባት ክፍል የወጥ ቤቱ ናት። አንኮበር ያለው ቤቴ ጣሪያው ወድቋል። ፈራሁ ወይ? አልፈራሁም። ቅዳሜ ዕለት ወጡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩ እንጂ።

እሑድ እንግዶቹ በአውቶቡስ መጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል። የእኛዎቹ ጫማ በየዓይነቱ ነው፤ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ በአንድ ቢመዘኑ እንግዶቹ ይበልጣሉ፤ አልክድም። ግን አንዱ ለሌላው ኳስ ሲያቀብል ሴት ልጁን የሚድር ይመስል ያመነታል። ሽፈራው ሳያይ ይወረውራል። ሰይድ ሳይጠራ ይደርሳል። ጌታቸው ሊዘል መሆኑን መንትዮቹ ከትከሻው ያውቃሉ። ለምን አያውቁ? ሁለት ዓመት ሙሉ አምስት እጅ በአንድ ገበታ ሲመላለስ ተጋጭቶ አያውቅም።

ሊያልቅ ሲል እኩል ናቸው። ጌታቸው ወደቀና ማነከስ ጀመረ። አቶ ታፈሰ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹‹ልቀይረው እንዴ?›› አለኝ። ማንን አማከረ? ድስትን። ‹‹ይቀመጡ›› አልኩት። ተቀመጠ። ጌታቸው መሮጥ ስላልቻለ ከግንዱ ሥር ቆሞ እጁን ብቻ ዘረጋ። ሽፈራው ያቺ የጌታቸው እጅ የት እንዳለች መቼ አጥቷት። ኳሷ መጣች፣ በቀለበቱ ወረደች፣ ፊሽካ ተነፋ። ስለ ጭፈራው ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቁርስ፣ አቶ ታፈሰ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ‹‹እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ አምስቱን ማንም አይለያያቸውም፤ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ›› አለ። ይቅርታውን ተቀበልኩ። ጽሑፉን ግን ሄደው ይቅደዱት አልኩት። እሱ ሳይመጣ አምስቱን በአምስት ገበታ በትኛቸው ነበር፤ በየገበታቸው የመጀመሪያ ዓመት ልጆች አስቀምጬላቸው።

አቶ ታፈሰ አዳራሹን አየ፣ እኔን አየ። ‹‹ቁልፍዎን ያስያዙት እንዳይለያዩ አልነበረም?›› አለኝ።

‹‹እሱ ለትናንት ነዋ። ሰኔ ላይ ተመርቀው በየአገሩ ይበተናሉ። ለመስከረም ማን ሊጫወትልዎ ነው? ዲሬክተሩ?››

ጌታቸው አኩርፎ ፊቱን አዞረብኝ። ያኩርፍ። የሌሎቹ ገበታ አምስት አምስት ሰው ሞልቷል፤ የሰይድ ግን አንድ ጎደለው። ዙሪያዬን አየሁ፤ የቆመ ሰው አንድ ብቻ ነው። ባርኔጣውን ከእጁ ተቀበልኩት። ‹‹እርስዎም አዲስ ገቢ ነዎት›› ብዬ እጁን አስታጥቤ እዚያ አስቀመጥኩት።