የሳሮን አረንጓዴ ፀጉር

"ትውልዱ ጠፍቷል" የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ማን ያላጋጠመው አለ! እዚህ ሰው አገር ያለችው የእኛ የሂልቶፕ ቤተክርስቲያን ሰው ጋሼ ታደሰ ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ በእሳቸው ሚዛን የተቀደደ ጂንስ ከጥፋት ውሃ ቀጥሎ የሚመጣ መዓት ነው።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወላጆችን ሰበሰቡን። ጉዳዩ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳሮን ነበረች። ፀጉሯን አረንጓዴ ተቀብታ ስለመጣች ከኳየር፣ ከመዘምራኑ ቡድን፣ ትውጣ ነው የሚሉት። ልጅቷ እናቷ አጠገብ አንገቷን ደፍታ "ኢትስ ጀስት ሄር" አለች፣ ፀጉር ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው፤ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ ነበር።

"በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም!" አሉ ጋሼ ታደሰ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

ይሄኔ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡት የዘጠና ዓመት እናታቸው እማማ ብርቄ ከኋላ ወንበር ተነሱ።

"ታዴ፣ ያን የሚያህል ጎፈሬ አበጥረህ፣ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ለብሰህ የወጣኸው አንተ አይደለህም? የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ 'ልጅሽን አባሪው' ሲለኝ፣ 'ልጄ ነው፣ የትም አይሄድም' ብዬ በሩ ላይ የቆምኩልህ እኔ አይደለሁም?"

ያ ሁሉ የጋሼ ታደሰ ነጎድጓድ በአንዴ በረደ፤ እንደ ሕፃን ቁጭ አሉ። በዕድሜዬ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያንቀጠቀጠኝ ግን የለም። ሳሮንን ከኳየር የማስወጣቱም ነገር በዚያው ቀረ።

እማማ ቀስ እያሉ ወደ ሳሮን ሄዱ። ምርኩዛቸውን ለእኔ አስይዘው ፀጉሯን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ግንባሯን ስመው በጆሮዋ ጠየቋት፦

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ቀለም ሽበትም ላይ ይይዛል?"