«ገና አልጠራም» የምትለው አክስቴ

በየቤቱ አንድ «ገና ነው» ባይ አለ። ታጥቦና ተወልውሎ ያለቀ ሳህን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚመረምር፣ በተተኮሰ ሸሚዝ ላይ እንደገና ውኃ የሚረጭ። እነዚህ ሰዎች መንግሥት ቢኖራቸው ንግሥታቸው ያለ ጥርጥር አክስቴ ናት።

ክብርት አክስቴ ብርቱካን ስትልጥ ነጩን ክር አንድ በአንድ ትለቅማለች። ለእኛ እስኪደርሰን ብርቱካኑ ይደርቃል። ለትዳር የጠየቃትንም ሰው «ጥሩ ነው፤ ግን ገና አልጠራም» ብላ መልሳዋለች ይባላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አትስቅም።

ሥራዋም በልኳ የተሰፋ ነው፤ ማጥራት። አንጀት ምግብ ሲደርሰው ለጨጓራ «አሲድህን አቁም፣ በቃህ» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክተኛው ሆርሞን ይባላል። አክስቴ ይህን መልእክተኛ ከበሬ አንጀት ለብቻው ነጥላ ለማውጣት ዕድሜዋን ሰጥታለች። «በቃህ» ባዩን ስትፈልግ የኖረች ሴት፣ ራሷ በቃ ማለት አታውቅም።

ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ስገባ ጉዱን አየሁ። አንድ ባልዲ አንጀት ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ በረጅም የመስታወት ቱቦ ቁልቁል ይንቆረቆራል። ባጣሩት ቁጥር ከቆሻሻው ጋር ሆርሞኑም በትንሽ በትንሹ ይሄዳል። ባልዲው ብልቃጥ ሆነ፤ ብልቃጡ ጠብታ።

«ዶክተር፣ ይበቃል እኮ!» አሉ የክፍሉ ኃላፊ። «ዛሬ ካልተፈተነ ቤተ ሙከራውን ለሌሎች እሰጣለሁ።»

«አንዴ ብቻ ላጣራው።»

«ባለፈውም ‹አንዴ› ብለው ባዶ ብልቃጥ ነው ያስረከቡን!»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አንቺ እዪው፣ የኔ ልጅ። ጠርቷል?»

እኔ የማየው ቀጠን ያለ ሻይ ነው። ሰው ፊት ስናገር ደግሞ ድምፄ ይጠፋል። ግን ብልቃጡን ይዛ እንደገና ወደ ቱቦው ስትጠጋ አየሁ።

«ይፈተን፣ አክስቴ» አልኩ።

ተፈተነ። ጠብታው የተሰጣት፣ በማደንዘዣ የተኛች አይጥ ጨጓራዋ አሲድ ማመንጨቱን ቀነሰ። ኃላፊው አጨበጨቡ። ቤተ ሙከራው ተረፈ። አንዷ ባልደረባ አክስቴን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ደረቅ፣ አየሽው አይደል!» አለቻት።

አክስቴ ውጤቱን አየችው፤ ደግማ አየችው።

«አሲዱን የቀነሰው ቆሻሻው ቢሆንስ?»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ኃላፊው ግንባራቸውን ያዙ። እውነቷን ነው። «እኚህ ሴት ይገድሉናል» አሉ፤ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እኔም ማንም ሳያዘኝ ባልዲውን አንስቼ ሌላ አንጀት ላመጣ ወደ ቄራ መንገድ ጀመርኩ። አክስቴ በሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«ይከብድሻል» ብላ እጀታውን በአንድ በኩል ያዘችልኝ።

ባልዲው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። መንገዱን ሙሉ ግን ማናችንም አልለቀቅንም።