ሊቀ ትንፋሽ ዘርዓብሩክ እና የሻይ ሰዓት

ከእባብም ከጅብም ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ፍጡር ስልጠና ደርሶ የመጣ ሰው ነው። እባብ ካልረገጡት አይነካም፤ ጅብም ሲነጋ ጉድጓዱ ይገባል። ስልጠና ደርሶ የመጣ ሰው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያገኘውን ሁሉ ሳያሰለጥን አያድርም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

ዲላ ውስጥ፣ የሞያሌ ከባድ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ከሚያልፉበት አስፋልት ዳር ላለው ትምህርት ቤት የደረሱት ዘርዓብሩክ ናቸው። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ሀዋሳ ሄደው የመምህራን የጭንቀት አያያዝና የተመስጦ ስልጠና ወስደው ከተመለሱ በኋላ ግን ጂኦግራፊ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ሆነ። “ሊቀ ትንፋሽ” የሚለውን ማዕረግ የሸለሟቸው መምህራኑ ናቸው፤ አንቱታውም የመጣው ከማዕረጉ ጋር ነው። ሹመቱ ለፌዝ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ንቀው ትተውታል።

ይህ ሁሉ የሒሳብ መምህርቷን ጥሩብርሃንን ባልነካት ነበር። የደጋዋ የቡሌ ልጅ ናት፤ ብርድም ዳገትም የለመደች፣ በትንሽ ነገር የማትበገር። ጠዋት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ለተቀመጡ ተማሪዎች ስትጮህ ታረፍዳለች። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ለዚያች ግማሽ ሰዓት የሚነካት የለም። ከጓሮ ሻይ የምታፈላው ሀዲጃ ዝንጅብሉን ጠንከር አድርጋ ታመጣላታለች። ጥሩብርሃን ጫማዋን ታወልቅና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለቀሪው ቀን የሚሆናትን ድምፅ ከዚያች ብርጭቆ ታገኛለች። ከቀኑ ውስጥ የራሷ የምትለው ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች።

ታዲያ ሊቀ ትንፋሽ የጭንቀት ማስወገጃውን የት ቢያስገቡት ጥሩ ነው? ሻይ ሰዓት ላይ!

“ስልጠናው ላይ እንደተባለው፣” አሉ፤ ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው በዚሁ ነው። “መምህር ነፃ የሚሆነው በዚህ ሰዓት ስለሆነ፣ ጭንቀቱንም የሚያስወግደው በዚህ ሰዓት ነው።”

“በዚህ ሰዓት እኮ ጭንቀት የለብንም፣” አለች ጥሩብርሃን።

“አያችሁ? የለብኝም ማለት የመጀመሪያው ምልክት ነው።”

ርዕሰ መምህሩ አቶ ታሪኩ ከበላይ የመጣ ነገር እንኳን ስልጠና እርግማንም ቢሆን በጭብጨባ የሚቀበሉ ሰው ናቸውና፣ ሰኞና ረቡዕ ይሁን ብለው ፈቀዱ። የሻይ ብርጭቆም ሐሳብ ይበትናል ተብሎ በእነዚያ ቀናት ከክፍሉ ታገደ።

“ዓይን ይጨፈን! ወደ ውስጥ… ያዙት… ልቀቁት!” ይላሉ ሊቀ ትንፋሽ፣ ሰልፍ እንደሚያዝ የስፖርት መምህር። ቀድሞ የተነፈሰ ሰው ካለ ወዮለት። “በፍቃዱ! ማን ልቀቅ አለህ?” ተብሎ ይጮህበታል። የፊዚክሱ በፍቃዱ ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጠዋት ገና ከቤቱ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

አንድ ቀን ደግሞ “በሐሳባችሁ ልባችሁ የሚያርፍበት ቦታ ሂዱ” ብለው አዘዙ። የሥነ ዜጋው መምህር ደግነት፣ ፍስሐ ገነት ከተማ አጠገብ ወዳለው የቡና ማሳው ሄደ። ጥቂት ቆይቶ “ወይኔ ቡናዬ!” ብሎ ብድግ አለ።

“ምን ሆንክ?”

“ቀልቶ ቀልቶ መሬት ላይ ረገፈ እኮ፣ ቲቸር! ለቃሚ የለ፣ እኔ እዚህ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጫለሁ። ምነው ባያስታውሱኝ?”

“ልቀቀው፣” አሉት ሊቀ ትንፋሽ በርጋታ።

“ቡናዬን? ለማን ብዬ!”

ዋናው ጉድ የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዲላ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ዓይኑን ከጨፈነ ጸሎት ነው፤ አሜን ሳይባል ደግሞ ዓይን አይገለጥም። ሊቀ ትንፋሽ ራሳቸው እዚሁ ያደጉ ናቸውና ይህን ያውቃሉ፤ ስልጠናው አስረስቷቸው ነው። አንድ ረቡዕ “ያዙት…” እንዳሉ ስልካቸው ጮኸና ሊያነሱ ወጡ። መምህራኑ ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው ለቀቁ፤ ዓይናቸውን ግን ማን ደፍሮ ይግለጥ? ቢጠብቁ ቢጠብቁ አሜን የሚል ጠፋ። ደግነት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ጸሎት ባለቤት አጥቶ ሲንከራተት ዝም ብሎ ማየት አልቻለምና ተረከበው። ደግነት ከጀመረ ደግሞ የታመመውንም፣ መንገደኛውንም፣ ዝናቡንም፣ ቡናውንም ሳያዳርስ አያበቃም።

ደወል ተደወለ። ተማሪዎች መምህራኑን ፍለጋ መጥተው በመስኮት ቢያዩ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። እነሱም ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ ያለው “ማን ሞተ?” ብሎ ጠየቀ፤ ከፊት ያለውም አላውቅም ማለት አሳፈረውና “መምህር ነው” አለ። ደግነት የመንገደኞቹን ጸሎት ሳይጨርስ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ደረሱ፤ አንድ አባት ደግሞ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ይጠይቃሉ። ሊቀ ትንፋሽ ስልካቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሕዝቡን አዩና፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀመሩ።

ወሬ ክንፍ አለውና ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ሳሮን የሚባሉ ተቆጣጣሪ ከበላይ መጡ። ጠቅሞ ከሆነ ይቀጥላል፣ ካልጠቀመ ዛሬውኑ ይቆማል ተባለ። መምህራኑ ጥሩብርሃንን ከበቧት። “አንቺ ተናገሪ፤ አንቺ አትፈሪም። ሻያችንን አስመልሺልን!” አሏት። እሷም የምትለውን አዘጋጅታ፣ በልቧ ዝንጅብሉን እያሸተተች ገባች።

ሊቀ ትንፋሽ ለእንግዳዋ እንዲያሳዩ ታዘዙ። ተነሡ። “ስልጠናው ላይ…” ብለው ቆሙ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ሰውን ሁሉ ተንፍሱ ሲሉ የከረሙት ሰውዬ እሳቸው መተንፈስ አቃታቸው። ባጃቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ይዘውታል።

ጥሩብርሃን ያንን እጅ ታውቀዋለች። ከሀዋሳ በፊት፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ያ እጅ የሻይ ብርጭቆ ይዞ በር አጠገብ ይቆም ነበር። አግዳሚው ጠባብ ነው፤ ለዘርዓብሩክ ጠጋ ያለ ሰው ግን አንድም ቀን አላየችም። ለምንም ነገር ተመርጠውም አያውቁ። አንጀቷን በሉት፤ አንጀቷን ስለበሉትም ተናደደች።

“አንቺ እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣” አሉ ወይዘሮ ሳሮን። “ጠቅሟችኋል?”

“በጣም እንጂ!” አለች ጥሩብርሃን። “ድሮ እኮ በዚህ ሰዓት ዝም ብለን ሻይ ነበር የምንጠጣው።”

“ጎሽ! እንግዲያው በየቀኑ ይሁን።”

ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ማቃሰት ከሰኞ እስከ ዓርብ ድረስ የሚበቃ ነበር። “ምን ነካሽ?” አላት ደግነት ሲወጡ። እሷም የነካትን አታውቀውም። በዚያ ቀን ከሰዓት ድምፅ አጥሯት ሒሳቡን በእጅ ምልክት አስተማረች።

በማግሥቱ ሻይ ሰዓት ሁሉም እንደ እስረኛ ተቀመጠ። “ዓይን ይጨፈን… ወደ ውስጥ…” አሉ ሊቀ ትንፋሽ፤ ዛሬ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ጥሩብርሃን ወደ ውስጥ ሳበች። ዝንጅብል ሸተታት። ምኞቷ መስሏት ደግማ ሳበች፤ አሁንም ዝንጅብል ነው። አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጥ አደረገች።

ሊቀ ትንፋሽ የሀዲጃን ማንቆርቆሪያ ተሸክመው በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ፣ በእያንዳንዱ መምህር ፊት ሻይ ይቀዳሉ። ግማሹ የብርጭቆው ማስቀመጫ ላይ ይፈስሳል። ጎንበስ ሲሉም ባጃቸው የበፍቃዱ ሻይ ውስጥ ገባ፤ አውጥተው በኮታቸው ጠረጉት። ጥሩብርሃን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

“ልቀቁት…” አሉ በመጨረሻ።

“አሜን!” አለ ደግነት፤ በሕይወቱ ያን ያህል አጭር ጸሎት ጸልዮ አያውቅም።

ብርጭቆ ሁሉ ተነሣ። ሊቀ ትንፋሽም የራሳቸውን ያዙና፣ እግራቸው እንደለመደው፣ ወደ በሩ ሄዱ።

“ጋሽ ዘርዓብሩክ፣” አለች ጥሩብርሃን፣ ጫማዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አግዳሚው ላይ ጠጋ እያለች። “ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ስልጠናው ላይ ቆማችሁ ጠጡ ተብሏል እንዴ?”