የአማን ሎርድነት አመጣጥና አጠፋፍ

ማዕረግ ሲሰጡት ደስ የሚለው፣ ማዕረጉን ተሸክሞ ዳገት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። እኔ እዚህ ሚዛን አጠገብ፣ አማን ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ስሆን፣ በዚያው ላይ ሎርድ ይሉኛል። አትሳቁ! የእንግሊዙን ሎርድ ማለቴ ነው፣ ከነሙሉ ክብሩ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። አያቴ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጫካ ቡና ለማየት ቴፒ ድረስ ለመጣ አንድ እንግሊዛዊ መንገድ መሪ ነበር። ሰውየው ሎርድ ነበር አሉ። ዝናብ ይዟቸው ዛፍ ሥር ሲያወሩ እንግሊዛዊው ሆድ ባሰውና በአስተርጓሚ የልቡን ነገረው። ማዕረጉ ንጉሥ ለቅድመ አያቱ የሰጠው ነው፤ ከአባት ወደ በኩር ልጅ ሲወርድ ኖሯል። እሱ ግን ወንድ ልጅ የለውም፣ ሴት ደግሞ አትወርስም፤ ስለዚህ እሱ ሲሞት ማዕረጉም አብሮት ይጠፋል። የኛ አገር ሰው ደግሞ አሳዳጊ የሌለው ነገር አለ ሲባል አንጀቱ አይችልም። አያቴ፣ አይዞህ፣ እኔ አራት ወንዶች አሉኝ፣ ለኔ ስጠኝና ከነሱ ጋር ይደግ አለው። እንግሊዛዊው ስቆ፣ ይሁንልህ አለ። በቃ! የእንግሊዝ ንጉሥ ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሰማ አይመስለኝም።

አያቴ ሲሞት ለአባቴ፣ አባቴ ሲሞት ለኔ ወረደ። ምናለ አንዲት ጋሻ የቡና መሬት ብትወርድልኝ ኖሮ?

ለመሆኑ ሎርድ ምን ይሠራል? እንግሊዝ አገር ያሉት ቤተ መንግሥት በሚያክል ቤት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ ይባላል። የአማን ሎርድ ግን ሽማግሌ ሆኖ ይላካል። ልጅ የሚያጋባው፣ ሚስቱን ያስኮረፈው፣ የቡና ድንበሬን ገፋብኝ የሚለው፣ ሁሉም ሎርድ ይምጣልኝ ነው የሚለው። ሎርድ ሲላክ እምቢ አይባልማ! የሸኮን ዳገት በጭቃ፣ የቴፒን ሙቀት በሱፍ ኮት። ኮቱን ላውልቅ ብል፣ ምነው ሎርድ፣ ሰው ምን ይላል? ይሉኛል። ጉልበቴ አልቋል። የሰው ትዳር ሳስታርቅ እውልና የደንበኛዬ ሱሪ ሳይቆረጥ ይመሻል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ስሜ ነው። እናቴ ማርቆስ ብላ አውጥታልኝ ነበር። ያን ስም የሚያነሣልኝ ሰው ጠፋ። ባለቤቴ ሳትቀር፣ ሎርድ፣ ምሳ ቀርቧል ነው የምትለኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ማርቆስ ተብዬ፣ እንደ ማንም ሰው መንገድ ላይ የበቆሎ እሸት እየጋጥኩ መሄድ አማረኝ። ይሄ ብዙ ነው እንዴ?

እግዜር ሲወደኝ ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ሰጥቶኛል። ባለፈው ክረምት በእድር ስብሰባ ላይ ተነሣሁና፣ በእንግሊዝ ሕግ ወንድ ልጅ የሌለው ሎርድ ማዕረጉ በሱ ያበቃል፤ ታዲያ ለምን ሞቴን እንጠብቃለን፣ በቁሜ ይጥፋልኝ አልኩ። ክርክሩ አይጣል ነው! አንዱ፣ ሴት ለምን አትወርስም ብሎ ተቆጣ። ልጆቼንስ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሦስቱም በአንድ አፍ ነው እምቢ ያሉት። በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ፣ ይሁን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሎርድ ብሎ የሚጠራው እንዳይኖር፣ ይህም ለሕዝቡ ይለፈፍ አሉ። እኔ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እድራችን የሚለፍፈው ደግሞ በጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን መኩሪያ ዕድሜውን ሙሉ ከሞት በቀር ሌላ ነገር ለፍፎ አያውቅም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነፋና፣ በዚያው በለመደው የሐዘን ድምፅ፣ የሎርድ ማዕረግ መቅረቱን ተናገረ። ጡሩምባ ሰምቶ፣ የጎረቤቱን ስም ሰምቶ፣ የቀረውን ቆሞ የሚያዳምጥ ማን አለ? ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ቤቴ ጎረፈ።

እኔና ባለቤቴ ከዚያ በፊት ወጥተን ሚዛን ገበያ ሄደናል። ቤቱን ተቆልፎ ሲያገኙት፣ አስከሬን ሊያመጡ ሄደው ነው ብለው ድንኳን ተከሉ። የገዛነውን ጎደሬ ይዘን በባጃጅ ስንመለስ፣ ባለቤቴ ገና እግሯን ከማውረዷ ሴቶቹ ተጠመጠሙባትና ለቅሶው ቀለጠ። እሷ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ማን እንደ ሞተ እንኳ ሳትጠይቅ አብራ ትነፋረቅ ጀመር። እኔ ጎደሬዬን ታቅፌ ከኋላ ቆሜያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሆዴ ባባ። ለካ ይወዱኛል!

አጠገቤ ያሉት አይተውኝ ክው ብለው ቀሩ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ግን እንኳን እኔን አጭሩን፣ ግመልም ቢመጣ አያዩም። ጋሽ በቀለ እያለከለኩ ደረሱና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። አጠገቤ ያለ ወንበር ላይ ወጥተው እጃቸውን አነሡ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የትናንቱ ውሳኔ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቆም አሉ። ደንብ አክባሪ ናቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ ለመሆኑ ስምህ ማን ነበር? አሉኝ። ማርቆስ አልኳቸው። ቀና አሉና በትልቁ፣ ወገኖቼ፣ አታልቅሱ፣ ማርቆስ አልሞተም! ብለው አወጁ።

ድንኳን ውስጥ ያሉት፣ ማርቆስ ደግሞ የቱ ነው? ተባባሉ። አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ፣ ተመስገን፣ እሱስ ተረፈ፤ የኛ ሎርድ ግን፣ ወየው! ሲሉ፣ ለቅሶው ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ።

ጋሽ በቀለ ከወንበሩ ወረዱልኝ። እኔም ጎደሬውን መሬት አስቀመጥኩና፣ እየደከመኝ ወንበሩ ላይ ወጥቼ፣ ኧረ ሎርድ እኔ ነኝ፣ አለሁ! ብዬ ጮኽኩ። በገዛ አፌ ራሴን ሎርድ ያልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እልልታው ሚዛን ድረስ ተሰማ አሉ።